ቴሌግራምን ከኢአርፒ ጋር ማገናኘት፦ ለድሬዳዋ አስመጪና አከፋፋይ ቤቶች

በድሬዳዋ ብዙ አስመጪና አከፋፋይ ቤት ሥራው በሁለት ቦታ ይሠራል። ትዕዛዙ፣ ክምችቱና ደረሰኙ ኢአርፒው (ሽያጩን፣ ክምችቱንና ሂሳቡን በአንድ ላይ የሚይዘው ሶፍትዌር) ላይ ነው። ውሳኔው ግን ቴሌግራም ላይ ነው። «ጋሼ፣ የሐረሩ ደንበኛ የዱቤ ጣሪያውን አልፏል፣ እንልቀቅለት?» ተብሎ ይጻፋል። «ልቀቁ» የሚል መልስ ይመጣል። መጋዘኑ ይጭናል። ከወራት በኋላ ሂሳብ ክፍል «ይሄን ማን ፈቀደ?» ሲል መልሱ ከሺህ መልእክት ሥር ተቀብሯል። ወይ የፈቀደው ሰው ስልክ ቀይሯል።

ሁለቱን ማገናኘት ይቻላል። ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። አንድ ነገር ብቻ ከመጀመሪያው ይለይ፦ ቴሌግራም ያሳውቃል፣ ይጠይቃል፣ መልስ ይቀበላል። ውሳኔው የሚመዘገበው ግን ኢአርፒው ውስጥ፣ በወሳኙ ሰው ስም ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ይህን ለመጠበቅ ናቸው።

ምሳሌዬ ኢአርፒኔክስት የሚባለው ኢአርፒ ነው። ኮዱ ክፍት ነው፣ የፈቃድ ክፍያ የለውም፣ በራስ ሰርቨር ላይ ይጫናል። ኦዱ የሚባለውን ሌላ ኢአርፒ ለምትጠቀሙም አካሄዱ ያው ነው፤ የሚለይበትን ቦታ እጠቁማለሁ። ስላክና ማይክሮሶፍት ቲምስ የሚባሉት የቢሮ መልእክት መላላኪያዎችም በተመሳሳይ መንገድ ይገናኛሉ። ግን ክፍያቸው በውጭ ምንዛሬ ነው። ሹፌሩ፣ ትራንዚተሩ (ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያስለቅቀው) እና የመጋዘን ሠራተኛው ደግሞ አሁኑኑ ቴሌግራም ላይ ናቸው። ሁሉንም ወደ አዲስ አፕ መጎተት፣ ኧረ አቦ፣ ትርፉ ድካም ነው።

ደረጃ 1፦ ስልክ የሚያስደውለውን ጥያቄ ፈልጉ

ኮምፒውተር ከመንካታችሁ በፊት አንድ ሳምንት ቢሮ ውስጥ የሚደወለውን ስልክ አዳምጡ። ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ሦስት ነገር ይወጣል፦ «ትዕዛዙ ጸደቀ ወይ?»፣ «ኮንቴይነሩ ደረሰ ወይ?»፣ «ዘይቱ ስንት ቀረ?»።

መገናኘት ያለባቸው እነዚህ ናቸው። እያንዳንዱ ደረሰኝ ሲቆረጥ ግሩፑ ይጩህ የሚል ሥራ አስኪያጅ ካለ በትህትና እምቢ በሉት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁሉም ሰው ግሩፑን ድምፅ አልባ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ አስቸኳዩም አይታይም።

በአንድ ጉዳይ ጀምሩ። ከጣሪያ በላይ የሆነ የዱቤ ሽያጭ ማጽደቅ ጥሩ መነሻ ነው። ገንዘብ ስላለበት ሁሉም ትኩረት ይሰጠዋል።

ደረጃ 2፦ ማጽደቁን ኢአርፒው ውስጥ ሥሩ

ቦቱ፣ ማለትም ቴሌግራም ላይ በራሱ መልእክት የሚልክና የሚቀበል ፕሮግራም፣ ገና አይታሰብ። ቴሌግራም ባይኖርም ማጽደቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ኢአርፒው ውስጥ መሥራት አለበት። ኢአርፒኔክስት ለዚህ ዎርክፍሎው የሚባል ክፍል አለው። በየትኛው ደረጃ ላይ የትኛው የሥራ ድርሻ ምን ማድረግ እንደሚችል እዚያ ይወሰናል።

ለሽያጭ ትዕዛዝ ከረቂቅ ሁለት መንገድ ይውጣ። አንዱ ሽያጭ ሠራተኛው ራሱ የሚያጸድቅበት ነው። ደንበኛው ጣሪያውን ካለፈ ሲስተሙ ራሱ ይከለክለዋል። ሁለተኛው «ወደ ሥራ አስኪያጅ ላክ» የሚለው ነው። ያኔ ትዕዛዙ «ማጽደቅ ይጠብቃል» ወደሚል ደረጃ ይሄዳል። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ያጸድቃል ወይም ይመልሳል።

እዚህ ጋ ሁለት ነገር አትዝለሉ። አንደኛ፣ በዎርክፍሎው ሽግግር ላይ ሰው የራሱን ሰነድ ራሱ እንዲያጸድቅ የሚፈቅድ ምልክት ማድረጊያ አለ፤ ለሥራ አስኪያጁ መንገድ አጥፉት። ሁለተኛ፣ በሂሳብ ቅንብሮች ውስጥ የዱቤ ጣሪያን ማለፍ የሚችለው የሥራ ድርሻ የትኛው እንደሆነ ይጻፋል። ያንን ድርሻ ለአጽዳቂዎቹ ብቻ ስጡ።

ሌላ ቀድሞ መጽዳት ያለበት የደንበኛ ስም ነው። መሐመድ በላቲን ፊደል አንዴ በአንድ «ኤም»፣ አንዴ በሁለት፣ አንዴ በ«ዩ» ይጻፋል። አንድ ሰው ሦስት ደንበኛ ሆኖ ከተመዘገበ ሦስት የዱቤ ጣሪያ አለው ማለት ነው። የሚያምር ቦት ይህን አያስተካክልም። የተደጋገሙትን አዋህዱና ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ መለያ ቁጥር ስጡ።

ደረጃ 3፦ ቦቱንና ቁልፎቹን አዘጋጁ

ቴሌግራም ላይ ቦትፋዘር የሚባለውን ኦፊሴላዊ ቦት ፈልጉ፣ አዲስ ቦት ፍጠሩ፣ ቶክኑን (የቦቱን ምስጢራዊ ቁልፍ) ተቀበሉ። ቶክኑን ያገኘ ሰው ቦቱን ሙሉ በሙሉ ይቆጣጠረዋል። ስለዚህ በግሩፕ አይላክም፣ ስክሪንሾት አይነሳም። ሁለት ቦት ፍጠሩ፦ አንድ ለሥራ፣ አንድ ለሙከራ።

ቦት ለማያውቀው ሰው ቀድሞ መጻፍ አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱ አጽዳቂ ቦቱን ከፍቶ «ስታርት» ይጫን። ያኔ የቴሌግራም መለያ ቁጥሩን ታገኛላችሁ። በ«@» የሚጀምረውን የተጠቃሚ ስም ለመለያነት አትጠቀሙ፤ ባለቤቱ በፈለገ ሰዓት ይቀይረዋል። ቁጥሩ ግን ከአካውንቱ ጋር ይኖራል።

ኢአርፒኔክስት ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ አጽዳቂ የኤፒአይ ቁልፍ (ሌላ ፕሮግራም በእሱ ስም ኢአርፒው ውስጥ የሚሠራበት) ከተጠቃሚ ገጹ ይወጣል። ምስጢራዊው ክፍል የሚታየው አንዴ ብቻ ነው፣ ወዲያው አስቀምጡት። ብዙዎች እዚህ ላይ በዋናው አስተዳዳሪ ቁልፍ ሁሉንም ያሠራሉ። ይቀላል፣ ግን መዝገቡ ላይ ሁሉንም ያጸደቀው «አስተዳዳሪው» ይሆናል። ታዲያ ምን ተሻሻለ? በተጨማሪም ቁልፉ ቢሰረቅ ቤቱ በሙሉ ተከፈተ ማለት ነው።

ኦዱ የግል የኤፒአይ ቁልፍ ያለው ከ14ኛው ዕትም ጀምሮ ነው። በኦዱ ኩባንያ ሰርቨር ላይ የምትጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ እቅዳችሁን እዩ፤ የውጭ ኤፒአይ በነጻውና በመደበኛው እቅድ አይፈቀድም።

ደረጃ 4፦ አገናኙን የት እናስቀምጥ?

በኢአርፒውና በቴሌግራም መካከል አንድ ትንሽ ፕሮግራም ያስፈልጋል። አገናኝ እንበለው። ከኢአርፒው ዜና ይቀበላል፣ መልእክት ይልካል፣ የተጫነውን በተን ተቀብሎ ወደ ኢአርፒው ይመልሳል። በፓይተን ኮድ መጻፍ የሚችል ልጅ ይጽፈዋል። ኮድ መጻፍ ለማይፈልግ ኤንኤይትኤን የሚባለው መሣሪያ ለቴሌግራምም ለኢአርፒኔክስትም ለኦዱም የተዘጋጁ መያያዣዎች አሉት።

ምርጫውን የሚወስነው ሰርቨሩ ያለበት ቦታ ነው። ቴሌግራም የተጫነውን በተን የሚያደርስበት ሁለት መንገድ አለ። በመጀመሪያው ቴሌግራም ራሱ ወደ እናንተ ሰርቨር ይመጣል። ለዚህ ከኢንተርኔት የሚታይ አድራሻና ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ ግንኙነት) ያስፈልጋል፤ በር (ፖርት) 443፣ 80፣ 88 ወይም 8443 ብቻ ነው የሚቀበለው። የኤንኤይትኤን የቴሌግራም መያያዣ የሚሠራው በዚህ ነው። በሁለተኛው አገናኙ ራሱ እየሄደ «አዲስ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል።

ሰርቨራችሁ ከዚራ ወይም ሳቢያን ቢሮ ውስጥ፣ ከተራ ራውተር ጀርባ ከሆነ ሁለተኛውን ምረጡ። ራውተሩ ላይ ምንም በር አይከፈትም፣ ቋሚ አድራሻ አይገዛም። መብራት ቢጠፋም ቴሌግራም ያልደረሰውን እስከ 24 ሰዓት ያቆይላችኋል። ከዚያ ካለፈ ግን ይጠፋል። ስለዚህ ለሰርቨሩም ለራውተሩም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ይኑር። ሰርቨሩን ብቻ አስሮ ራውተሩን የሚረሳ ብዙ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በአንድ ቶክን ሁለት ፕሮግራም በአንድ ጊዜ መጠየቅ አይችልም፣ ይጋጫሉ። ፕሮግራመሩ ላፕቶፑ ላይ ሲሞክር የሥራው ቦት ከተቋረጠ ምክንያቱ ይሄው ነው። የሙከራ ቦት ለብቻው ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው።

ደረጃ 5፦ ከኢአርፒው ዜና መቀበል

ኢአርፒኔክስት ውስጥ ዌብሁክ የሚባል ገጽ ክፈቱ፤ ዌብሁክ ማለት አንድ ነገር ሲለወጥ ኢአርፒው ራሱ ወደ ሌላ ፕሮግራም የሚልከው ማሳወቂያ ነው። ሰነዱ የሽያጭ ትዕዛዝ፣ ክስተቱ ሲሻሻል፣ ቅድመ ሁኔታው ደግሞ ደረጃው «ማጽደቅ ይጠብቃል» ሲሆን። የአገናኙን አድራሻ ጻፉ። ምስጢር ቃል ማስገቢያም አለ፣ ሙሉት። አገናኙ በእሱ ተጠቅሞ መልእክቱ እውነት ከኢአርፒው መምጣቱን ያረጋግጣል።

ሰነዱ በተቀመጠ ቁጥር ዌብሁኩ ይተኮሳል። ሠራተኛው ማስታወሻ ቢያርም እንኳ እንደገና ይመጣል። ስለዚህ አገናኙ የላከውን የሚያውቅበት ትንሽ ሰንጠረዥ ይኑረው፦ የትዕዛዝ ቁጥር፣ ትዕዛዙ መጨረሻ የተሻሻለበት ሰዓት፣ የተላከው መልእክት መለያ። ያለዚህ ሥራ አስኪያጁ አንድን ትዕዛዝ አራት ጊዜ ይጠየቃል።

ዌብሁክ ለዘላለም አይሞክርም። ኢአርፒኔክስት ጥቂት ጊዜ ሞክሮ ይተዋል። ኦዱ ከ17ኛው ዕትም ጀምሮ ዌብሁክ የመላክ አቅም አለው፣ ግን ካልደረሰ መልሶ አይልክም። ስለዚህ አገናኙ በየ10 ደቂቃው «ማጽደቅ የሚጠብቁ የትኞቹ ናቸው?» ብሎ ኢአርፒውን ይጠይቅና ከሰንጠረዡ ጋር ያስተያይ። እውነቱን ለመናገር በቀን ጥቂት ትዕዛዝ ብቻ ለሚጸድቅበት ቤት ዌብሁኩን ትቶ በየሁለት ደቂቃው መጠየቅ ብቻውን ይበቃል። የሚበላሽ ነገር ይቀንሳል።

ደረጃ 6፦ መልእክቱ ምን ይበል?

አጽዳቂው ሌላ ቦታ ሳይሄድ እንዲወስን የሚያስፈልገው ሁሉ ይኑርበት። ለምሳሌ፦

ትዕዛዝ 0412፣ ደንበኛ ቁጥር 17፣ ሐረር
ሩዝ ባለ 25 ኪሎ፣ 120 ከረጢት
የትዕዛዙ ዋጋ ብር 492,000
ያልተከፈለ ዕዳ ብር 310,000
የዱቤ ጣሪያ ብር 600,000
ከጸደቀ ጣሪያውን በብር 202,000 ያልፋል

የመጨረሻዋ መስመር ከሁሉም ትበልጣለች። ስሌቱን ማሽኑ ይሥራው፣ ሰውየው መኪና ውስጥ ሆኖ አይደምር።

የግዢ ዋጋና የትርፍ መጠን አይግባ። የደንበኛ ስልክ፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥርና የግብር ከፋይ መለያም አይግባ። የቴሌግራም ግሩፕ መልእክት የሚቀመጠው በቴሌግራም ሰርቨር ላይ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከሥሩ ሁለት በተን፦ «አጽድቅ» እና «መልስ»። እያንዳንዱ በተን ተደብቆ የሚጓዝ ጽሑፍ ይይዛል፤ መጠኑ ከ64 ባይት አይበልጥም። የግዕዝ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሚወስድ በአማርኛ ከ21 ፊደል በላይ አይገባም። ስለዚህ የደንበኛ ስም ወይም ረጅም ሰነድ ቁጥር አታጭቁበት። የሰንጠረዡን ተራ ቁጥር ብቻ ይያዝ፤ ቀሪውን አገናኙ ከሰንጠረዡ ያነባል።

ደረጃ 7፦ በተኑ ሲጫን

ጥንቃቄ የሚፈልገው ዋናው ቦታ ይሄ ነው። መልእክቱ ግሩፕ ውስጥ ከሆነ የግሩፑ አባል ሁሉ በተኑን መጫን ይችላል። ሹፌሩም ይችላል። ቴሌግራም ማን እንደተጫነው ይነግራችኋል እንጂ አይከለክልም። መከልከል የአገናኙ ሥራ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። የተጫነውን ሰው መለያ ቁጥር ከአጽዳቂዎች ዝርዝር ጋር አስተያዩ። ከሌለ «አልተፈቀደልዎትም» የሚል መልስ ይድረሰው፣ ሙከራውም ይመዝገብ። ካለ፣ ትዕዛዙን ከኢአርፒው እንደገና አንብቡ። መልእክቱ ከተላከ በኋላ ሰው አሻሽሎታል? የመጨረሻው ማሻሻያ ሰዓት ከሰንጠረዡ ከተለየ አታጽድቁ፤ አዲስ መልእክት ላኩ። አለበለዚያ አለቃው 120 ከረጢት ብሎ የተጫነው በ420 ላይ ሊያርፍ ይችላል። ሁሉም ልክ ከሆነ በአጽዳቂው የራሱ ቁልፍ የዎርክፍሎውን እርምጃ አስፈጽሙ።

ከዚያ ሁለት ትንንሽ ነገሮች። ለተጫነው በተን የመቀበያ ምላሽ ላኩ፤ ካልላካችሁ በተኑ እየተሽከረከረ ይቀራል፣ ሰውየውም ደጋግሞ ይጫናል። መልእክቱንም አርሙት፦ በተኖቹ ይጥፉ፣ «በእገሌ ጸድቋል፣ ከቀኑ 8፡20» የሚል ይተካ። ኢአርፒው እምቢ ካለም እምቢ ያለበት ምክንያት እዚያው ይጻፍ። ውጤቱ ሳይረጋገጥ «ጸድቋል» ማለት ክልክል ነው።

ደረጃ 8፦ ከደረቅ ወደቡ የሚመጣ ሰነድ

ማጽደቁ ከሠራ በኋላ ወደዚህ እለፉ። ለድሬዳዋ ቤት ትልቁ ጥቅም ያለው እዚህ ይመስለኛል። ዕቃ ከጅቡቲ መጥቶ ደረቅ ወደብ ሲገባ ትራንዚተሩ የቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ የፓኪንግ ሊስትና የዲክላራሲዮን ፎቶ ግሩፕ ላይ ይለቃል። ሂሳብ ክፍል ያንን አውርዶ፣ ስም ሰጥቶ፣ ኢአርፒው ላይ ይሰቅላል። ይሰቅላል ተብሎ ይታሰባል እንጂ።

ቦቱ ለእያንዳንዱ የሚጠበቅ ጭነት አንድ መልእክት ይላክ፦ የግዢ ትዕዛዝ ቁጥርና የኮንቴይነር ቁጥር ያለበት። ትራንዚተሩ ሰነዱን ለዚያ መልእክት «ሪፕላይ» አድርጎ ይላክ። አገናኙ ፋይሉን አውርዶ ከዚያው የግዢ ትዕዛዝ ጋር ያያይዛል። በቦቱ የግላዊነት ገደብ መሠረት ቦቱ የግሩፑን ወሬ በሙሉ አያነብም፤ ለራሱ መልእክት የተሰጠ ሪፕላይ ግን ይደርሰዋል። ገደቡን እንዳለ ተዉት። ሠራተኛውም ቦቱ ወሬያችንን ይሰማል ብሎ አይሠጋም።

ፎቶ ተደርጎ የተላከ ሰነድ ይጨመቃል፣ ትንንሹ ጽሑፍ አይነበብም። «እንደ ፋይል ላክ» በሉት። ቦት ማውረድ የሚችለው እስከ 20 ሜጋባይት ነው፤ ለወረቀት ከበቂ በላይ ነው።

የኮንቴይነር ቁጥር በእጅ ከተጻፈ አገናኙ ይፈትሸው። ቁጥሩ 4 ፊደልና 7 አኃዝ ነው። የመጨረሻው አኃዝ ከቀደሙት ተሰልቶ የሚገኝ መፈተሻ ነው። አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ስሌቱ በአብዛኛው አይገጥምም፣ ቦቱም ወዲያው «ቁጥሩን ደግመው ይመልከቱ» ይላል። ባዶ ኮንቴይነር የሚመለስበት የመጨረሻ ቀን ኢአርፒው ላይ ከተሞላ ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ ማስታወስ ቀላል ነው። ቅጣቱን የከፈለ ያውቀዋል።

ደረጃ 9፦ ሰዓት፣ ቀንና ቋንቋ

ኦዱ ሰዓትን የሚያስቀምጠው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። እኛ 3 ሰዓት እንቀድማለን። በላዩ ላይ የእኛ ሰዓት አቆጣጠር አለ። ኦዱ ውስጥ 05፡00 ተብሎ የተቀመጠው በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ 8 ሰዓት፣ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ኢአርፒኔክስት ላይ የሲስተሙን የሰዓት ክልል አዲስ አበባ አድርጉትና ከሚያሳየው ሰዓት ላይ 6 ሰዓት ብቻ ቀንሱ። ይህ የሚደረገው መልእክቱ ሲጻፍ ብቻ ነው፤ መዝገቡ አይነካ።

ቀንም እንዲሁ። «7 ወይም 8 ዓመት ቀንስ» ብላችሁ በእጅ አትሥሩት። መስከረም 1 አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዴ 12 ላይ ይውላል። የተዘጋጀ መቀየሪያ ተጠቀሙ።

የመልእክቱ ቋንቋ በግሩፑ ይወሰን። የቢሮው በአማርኛ፣ የመጋዘኑ በኦሮምኛ፣ የጅግጅጋው ቅርንጫፍ በሶማሊኛ ሊሆን ይችላል። ትርጉሙን ቋንቋውን የሚናገር የራሳችሁ ሠራተኛ ይጻፈው።

አጽዳቂው ካልመለሰ ጉዳዩ ወደ ምክትሉ ይለፍ፣ ለምሳሌ ከ1 ሰዓት በኋላ። በጭራሽ ራሱ አይጽደቅ። ይህ ሰዓት ቆጣሪ የድሬን ቀን ማወቅ አለበት፦ በቀትር ሙቀት ሰው ያርፋል፣ ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ደግሞ አጽዳቂውም ምክትሉም መስጊድ ሊሆኑ ይችላሉ። በእነዚያ ሰዓታት ቆጠራው ይቁም። የክምችት ማስታወቂያም ቀኑን ሙሉ አይንጠባጠብ፤ ጠዋት አንዴ ተጠቃሎ ይምጣ። ቴሌግራም ራሱ ለአንድ ግሩፕ በደቂቃ ከ20 መልእክት በላይ ቦት እንዲልክ አይፈቅድም።

ደረጃ 10፦ ቴሌግራም ሲጠፋ

በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራምን ጨምሮ በርካታ ማኅበራዊ ሚዲያዎች በአገሪቱ ተገድበው ነበር። ሥራችሁ በዚህ ምክንያት መቆም የለበትም። ደረጃ 2ን በትክክል ከሠራችሁ አጽዳቂው ኢአርፒውን ከፍቶ ያጸድቃል፣ ምንም አይጎድልም። አገናኙ መላክ ያቃተውን በወረፋ ያስቀምጥ፣ ሲመለስ ይላክ። ያረጀውን ግን ይተው፤ በኢአርፒው የጸደቀ ትዕዛዝ ከሦስት ቀን በኋላ «አጽድቅ» ብሎ መምጣት የለበትም።

ደረጃ 11፦ መሞከርና ማስጀመር

ከባክአፕ የሙከራ ኢአርፒ አስነሡ። ግን መጀመሪያ፣ ከኢንተርኔት ሳታገናኙት፣ ዌብሁኮቹን አጥፉ። ባክአፑ የእውነተኛውን አገናኝ አድራሻ ይዞ ነው የሚመጣው። ሳታጠፉ ከሞከራችሁ የውሸት ትዕዛዝ የእውነተኛው አለቃ ስልክ ላይ ይጮኻል።

የሚሞከሩት ቀላሎቹ አይደሉም። ያልተፈቀደለት ሰው ይጫን። ሁለት አጽዳቂዎች በአንድ ቅጽበት ይጫኑ። መልእክቱ ከሄደ በኋላ ትዕዛዙ ይሻሻል። ራውተሩ ይነቀል፣ ይመለስ። ግሩፑ ወደ ሱፐርግሩፕ (ትልቁ የቴሌግራም ግሩፕ ዓይነት) ይቀየር፤ ያኔ የግሩፑ መለያ ቁጥር ይለወጣል፣ አገናኙ አዲሱን ካልያዘ ዝም ይላል።

ከዚያ በአንድ አጽዳቂና በአንድ ቅርንጫፍ ጀምሩ። በእነዚያ ሳምንታት «ልቀቁ» የሚል የጽሑፍ መልስ ተቀባይነት የለውም ብሎ ማስታወቅ የባለቤቱ ድርሻ ነው። መጋዘኑ የሚጭነው ኢአርፒው ላይ የጸደቀ ትዕዛዝ ሲያይ ብቻ ይሁን። ባለቤቱ ራሱ «ለዛሬ ብቻ» እያለ በድምፅ መልእክት ካስለቀቀ የደከማችሁበት ሁሉ ለጌጥ ይቀራል።

ሠራተኛ ሲለቅ የሚዘጋው ሦስት ቦታ ነው፦ የኢአርፒ ተጠቃሚነቱ ከነኤፒአይ ቁልፉ፣ በአገናኙ ዝርዝር ውስጥ ያለው መለያ ቁጥሩ፣ የግሩፕ አባልነቱ። ቶክኑን ያውቅ የነበረ ከሆነ ከቦትፋዘር አዲስ ቶክን አውጡ፤ አሮጌው ወዲያው ይሞታል። ይህን በመልቀቂያ ቅጹ ላይ፣ ቁልፍና ላፕቶፕ መረከቢያው አጠገብ አስገቡት።